የጣሃ ሁሴን «ቀኖቹ» የጀግና ታሪክ ነውን?

ሰሞኑን የግብፃዊውን የጣሃ ሁሴንን «አል አያም» (ቀኖቹ) በእንግሊዝኛ ትርጉሙ እየተቀባበልን አነበብነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1926 እ.ኤ.አ. በመጽሔት መውጣት የጀመረ ነው። ከብዙ ጓደኞቻችን አፍ የሰማነው ሂስ አንድ ነው፤ «ዓይነ ስውሩ ልጅ ጨለማን ድል ነሥቶ ዶክተር ሆነ፤ እንዴት ያለ ጀግና ነው!» እኛ በዚህ አንስማማም።

ለመሆኑ መጽሐፉ ምን ይላል? ደራሲው «እኔ» አይልም። ራሱን «ልጁ»፣ «ወዳጃችን» እያለ ከሩቅ ያየዋል። ከንፈር እንዳይመጠጥለት ይመስለናል። በ1902 አል አዝሐር ሲገባ ሼኩ ዓምድ ተደግፎ ይናገራል፣ ተማሪው ዙሪያውን ተቀምጦ ይሰማል። የእኛም የቆሎ ተማሪ ቅኔና ዜማውን ከመምህሩ አፍ እንደሚቀበል ሁሉ፣ ጆሮ ላለው በሩ ክፍት ነበር። ልጁ የተጎዳው ሌላ ቦታ ነው። ፈታኙ ስሙን ትቶ «ዕውሩ» ብሎ ይጠራዋል። ማታ ወንድሙ ከጓደኞቹ ጋር ሻይ እየጠጣ ሊያጠና ሌላ ክፍል ሲሄድ፣ እሱ ለብቻው ጥግ ይዞ ይቀራል። የአክስቱ ልጅ ከገጠር መጥቶ አብሮት ሲኖር ግን ሁሉም ነገር ተለወጠ፤ የሚመራው፣ የሚያነብለት፣ የሚያጫውተው ሰው አገኘ። ኋላም ፈረንሳይ አገር ሱዛን አነበበችለት፤ በ1917 ተጋቡ።

ልብ በሉ! ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ዓይኑ አልበራም። የተለወጠው ዙሪያው ነው።

መጽሐፉ ጉድለት አለው። ደራሲው ሼኮቹን በቀልድ ይበቀላቸዋል። ቀልዱ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ጥፋቱን የጥቂት ሰዎች ጠባይ ብቻ አስመሰለው። የአክስት ልጅ ያልመጣለት ሌላው ዓይነ ስውር ተማሪስ? ስለ እሱ የምናገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ከደራሲው ይልቅ ሚኒስትሩ ጣሃ ሁሴን የተሻለ መልስ ሰጥቷል እንላለን፤ በ1950 የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ እንዲሰጥ ሲያደርግ፣ የድሃውን ልጅ ዕድል ለሰው ደግነት አልተወውም።

ሂስ ያለ ግለሂስ አይሆንምና ወደ ግቢያችን እንመለስ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ «ይኼኛው ከዚህኛው ይመጣል» ሲል፣ ዓይነ ስውር ጓደኛችን የሚሰማው የጠመኔውን ፍቅፍቅታ ነው። እኛም እናነብልሃለን ብለን ቃል እንገባለን፤ ፈተና ሲቃረብ ግን «ኧረ እኔም አልጨረስኩ!» ብለን እንጠፋለን። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ግን ምዕራፍ ሦስትን ቁጭ ብሎ አያነብለትም።

ታዲያ መጽሐፉን አድንቀን ብንዘጋው አነበብነው ማለት ነውን? መምህሩ የጻፈውን በቃሉም ይናገር። ማንበቡም በስምና በሰዓት ይደልደል፤ ፈተና ሰሞንም አይቋረጥ። የመጀመሪያዎቹ ስሞች የእኛ ይሁኑ።