ክዳኑን ለሚከፍት እጅ

ከፍሬምወርክ ላፕቶፕ ጋር በአንድ ካርቶን አንዲት ትንሽ ካቻቢቴ አብራ ትመጣለች። አብዛኛው አምራች ባትሪውን በማጣበቂያ፣ ራሙን በብየዳ አስሮ ደንበኛው ውስጡን እንዳያይ በሚጥርበት ዘመን፣ ይህ የሳን ፍራንሲስኮ ድርጅት መፍቻውን ራሱ ያቀብላል። ባለ 13.5 ኢንቹ ማሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ብዙ የሶፍትዌር ባለሙያዎችን ወዳጅ አድርጓል። ሲዘጋ ውፍረቱ 15.85 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 1.3 ኪሎ ነው። ቀጭንና ቀላል ላፕቶፕ መሥራት ዛሬ ብዙዎች ይችሉበታል። እኔን የማረከኝ አከፋፈቱ ነው።

ገልብጡት። ሆዱ ላይ አምስት ብሎኖች ይታያሉ፤ ሁሉም በዚያችው ካቻቢቴ ይፈታሉ። ሲላሉ ግን ተነቅለው አይወጡም፤ እዚያው ቀዳዳቸው ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ። ይህን ያሰበው መሐንዲስ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ የጠፋች ብሎን የፈለገ ሰው መሆን አለበት። ከዚያ ማሽኑን መልሶ ማቃናትና ኪቦርዱን የያዘውን ሽፋን ወደ ላይ ማንሳት ነው። ማግኔት ስለሆነ የያዘው፣ ያለ ጉልበት ይለቃል። በፕላስቲክ ጥርስ የተነከሰ ላፕቶፕ ከፍቶ የሚያውቅ ሁሉ፣ ያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ እጅን እንዴት እንደሚያደርቅ ያውቃል፤ እዚህ ያ ድምፅ የለም። ሽፋኑን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው አንድ ኬብል ብቻ ነው።

ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ቀሚሱን ገልብጦ ጀርባውን ያያል። የዚህ ማሽን ጀርባ ንጹሕ ነው። ክፍሎቹ ላይ ስማቸው ተጽፏል፤ ከጎን ያለው ኪውአር ኮድ በስልክ ሲነበብ አነቃቀሉንና አተካኩን ወደሚያስረዳ ገጽ ይወስዳል። ሁለቱ የራም ማስገቢያዎች ጣት በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጠዋል። ባትሪው በብሎን ታስሯል፤ ማጣበቂያ አልነካውም። አይፊክሲት የተባለው የጥገና ድርጅት በ2021 ከ10 ነጥብ 10 ሲሰጠው አልደነቀኝም።

ጉልበቱስ? በ2023 የወጣው አንዱ ማዘርቦርድ ኤኤምዲ ራይዘን 7 7840ዩ የተባለ ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰር ተበይዶበታል። 64 ጊጋባይት ራም ሲጨመርለት ዳታቤዙን፣ ሰርቨሩንና የስልክ ኢሙሌተሩን አብሮ ከፍቶ ትልቅ ፕሮጀክት ኮምፓይል ማድረግ ይቻላል። ፋኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ሥራ ሲበዛበት ድምፁ ጎልቶ ይሰማል፤ በዚህ ውፍረት ውስጥ ለዚህ ጉልበት የሚከፈል ዋጋ ነውና እቀበለዋለሁ። ይልቅ ኮድ የሚጽፍ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከኪቦርዱና ከስክሪኑ ጋር ነው። ቁልፎቹ 1.5 ሚሊሜትር ይወርዳሉ፤ በዚህ ቅጥነት ደግ የሆነ ጥልቀት ነው፤ ጣት የነካውን ቁልፍ በእርግጥ መጫኑን ያውቃል። ስክሪኑ 2256 በ1504 ፒክስል፣ ምጥኑም 3 ለ2 ነው። ለፊልም ከተመጠኑት ሰፋፊ ስክሪኖች ይልቅ ቁመት ስላለው፣ ረዘም ያለ ፈንክሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ይታያል። ገመድ መሰኪያዎቹም ቢሆኑ ተመርጠው የሚገቡ ናቸው፤ በጎንና በጎን ባሉት አራት ቦታዎች ዛሬ ኤችዲኤምአይ፣ ነገ ዩኤስቢ መሰካት ነው።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን በፎቶ የማይታየውን ነው፦ ልክ መጠበቅን። ብራንዱ አንድ ሆኖ ዓመቱ ስለተለየ ብቻ ባትሪው አልገጥም ያለ ላፕቶፕ አዲስ አበባ ውስጥ ያልገጠመው ጠጋኝ ያለ አይመስለኝም። ፍሬምወርክ የ2021ዱን ቅርፅ ይዞ ቆየ። የኢንቴል 11ኛ ትውልድ ማዘርቦርድ የነበረበት ገላ በ2023 የኤኤምዲውን ተቀበለ፤ በ2025 ደግሞ ራይዘን ኤአይ 300 የያዘውን። ራሙ ዓይነቱ ስለተቀየረ አብሮ መለወጥ ነበረበት፤ ገላው፣ ኪቦርዱና ስክሪኑ ግን ቀሩ። 55 ዋት ሰዓት የነበረው ባትሪ በዚያው ስፋት 61 ሆነ። የመጀመሪያው ክዳን ሲነካ ይተጣጠፍ ነበር፣ ማጠፊያውም ላላ ያለ ነበር፤ በ2022 ከአሉሚኒየም ተፈልፍሎ የወጣ ጠንካራ ክዳን ቀረበ፣ ጠንከር ያለ ማጠፊያም ለብቻው ተሸጠ። ስለዚህ ቀድሞ የገዛው ሰው በኋላ የመጣውን እርማት ያንኑ ማሽን ላይ ይገጥመዋል። የብሎን ቀዳዳን ለዓመታት ከቦታው አለማነቃነቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መሐንዲስ ሁሉ በየዓመቱ ከባዶ መጀመር ያምረዋልና።

ጉድለት አለው። በ2024 የመጣው 2.8ኬ ስክሪን ማዕዘኖቹ ክብ ናቸው፤ ፓኔሉ መጀመሪያ ለሌላ ደንበኛ የተነደፈ ስለነበር ነው፣ ድርጅቱም ይህን ሳይደብቅ ተናግሯል። ባለ አራት ማዕዘን ክዳን ውስጥ ዓይኔን ይቆረቁረዋል። ኪቦርዱን ለብቻው ለመቀየር እጅግ ብዙ ጥቃቅን ብሎኖች መፍታት ግድ ነው፤ የዋይፋይ አንቴና ኬብሎችም ትዕግሥት ያስጨርሳሉ። ፕሮሰሰሩ የተበየደ ስለሆነ እሱን ለማሳደግ ማዘርቦርዱን በሙሉ መቀየር ያስፈልጋል።

ሆኖም ተነቅሎ የወጣው ማዘርቦርድ ሞተ ማለት አይደለም። ያለ ባትሪና ያለ ስክሪን፣ በቻርጀር ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ተነድፏል። ኩለር ማስተር ለዚሁ የሚሆን ሳጥን ሠርቶለታል፤ በስሪዲ ፕሪንተር የሚታተም የሳጥን ንድፍም በነፃ ተለቋል። አዲሱ ማዘርቦርድ ላፕቶፑ ውስጥ ሲገባ፣ አሮጌው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የባለቤቱን ቴስቶች ሌሊቱን ሲያስኬድ ያድራል።