መንገዱን ይዞ የሚወርደው ሰው

መጀመሪያ በተረጎምኩት ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ሴት መስኮት ላይ ቆማ አንድ ሰው ታያለች። እንግሊዝኛው አጭር ነው፦ «ኤ ማን ዎኪንግ ዳውን ዘ ሮድ»። እኔ «መንገዱን ወደ ታች በመራመድ ላይ ያለ ሰው» ብዬ ጻፍኩት። ምንም የጎደለ አልመሰለኝም። ሰው አለ፣ መንገድ አለ፣ መራመድ አለ፣ «ወደ ታች»ም አልቀረም። ረቂቁን ያነበቡልኝ አዛውንት አራሚ ግን እስክሪብቷቸውን እዚያው ላይ አቆሙ።

«ልጄ፣ ይህ ሰው ምን እያደረገ ነው?»

«እየወረደ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም?»

ከዚያ በኅዳጉ ላይ በአራት ቃል አቃኑት፦ «መንገዱን ይዞ የሚወርድ ሰው»። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእንግሊዝኛ ስተረጉም ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ከስም ኋላ ተከትለው ወደሚመጡት ወደ እነዚህ ሐረጎች ነው፤ በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ፣ ከጎኑም «አፕ»፣ «ዳውን»፣ «አውት»፣ «ኦፍ»፣ «አዌይ» የምትል ትንሽ ቃል። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ በየገጹ ይገኛሉ። አማርኛችንን ሳንነቃ የሚያጣምሙትም እነሱ ናቸው።

የእንግሊዝኛው ግስ የተጓዡ እግር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በመናገር ተይዟል፤ ይራመዳል፣ ይሮጣል፣ ያነክሳል። አቅጣጫውን የምትሸከመው ትንሿ ቃል ናት። በአማርኛ አቅጣጫው ግሱ ውስጥ ነው ያለው፦ ወጣ፣ ወረደ፣ ገባ፣ ተሻገረ፣ አለፈ፣ ተመለሰ። የእግሩ ሁኔታ ደግሞ ከፊት በረዳትነት ይመጣል፦ ሮጦ ወጣ፣ እያነከሰ ወረደ፣ እየዳኸ ገባ። የቋንቋ ሊቁ ሌናርድ ታልሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ቋንቋዎችን በዚሁ ለይቷቸዋል። ሩት በርማንና ዳን ስሎቢን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት መጽሐፍም ቃል የሌለበትን የመርሰር ሜየርን የእንቁራሪት ሥዕል መጽሐፍ ይዘው በአምስት ቋንቋ የተተረኩ ታሪኮችን አነጻጽረዋል። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ በአንድ ወገን ሆኑ፤ ስፓኒሽ፣ ቱርክኛና የሴም ዘመዳችን ዕብራይስጥ በሌላው። የእኛ ቦታ ከእነዚህ ከኋለኞቹ ጋር እንደሆነ በየቀኑ ከጠረጴዛዬ አየዋለሁ።

ይህን ያወቀ ሰው «ወደ ታች» የሚለውን እንደ መድኃኒት በልክ ነው የሚጠቀምበት። «ወደ ታች ወረደ» ብሎ መጻፍ አንዱን ነገር ሁለቴ መናገር ነው። «ወደ ታች ተራመደ» ደግሞ ወራጁን ሰው ያጠፋዋል።

መንገድ ራሱ ሲሄድ ነገሩ ይበልጥ ያምራል። እንግሊዝኛ «ኤ ሮድ ሊዲንግ አፕ» ይላል፤ መንገዱ ሽቅብ ይመራል ማለቱ ነው። አማርኛ ግን መንገዱን በሰው ላይ ያሠራዋል። መንገድ ያወጣል፣ ያወርዳል፣ ያስገባል፣ ያሻግራል። ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃ የሚያወርደው መንገድ ወንዙን አሻግሮ ደጀን ያወጣል። እዚህ ውስጥ ተጓዡ በስም አልተጠራም፤ ሆኖም ሲወርድና ሲወጣ ይታየናል። ይህ እያለን «ወደ ላይ የሚመራ መንገድ» ብሎ መጻፍ ያሳዝነኛል።

ጥንቃቄ የሚያሻውም እዚሁ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው «ዳውን» ሁልጊዜ ቁልቁለት አይደለም። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ በተሠራ ከተማም ሰው «ዳውን ዘ ስትሪት» ይሄዳል፤ እንግሊዞች ከሰሜን ተነሥተው እንኳ «አፕ ቱ ለንደን» ሲሉ ኖረዋል፣ ለንደን ዋና ከተማ ናትና። የእኛ «ወጣ» እና «ወረደ» ግን አብዛኛውን ጊዜ መሬቱን ያያሉ። ስለዚህ ልብ ወለዱ የተቀመጠበትን ከተማ ካርታ አያለሁ። ዳገት ከሌለ ሰውዬው አይወርድም፤ መንገዱን ይዞ ይሄዳል።

እንግሊዝኛ ትንንሾቹን ቃላት በአንድ ግስ ላይ መደርደርም ይችላል። አንድ ቀጭን መንገድ «ረኒንግ ዳውን» ብሎ ይጀምርና ወፍጮውን በ«ፓስት»፣ ድልድዩን በ«ኦቨር»፣ ጫካውን በ«ኢንቱ» ያዳርሳል። አማርኛ ለእያንዳንዱ ግስ ይከፍላል፦ «ከተረተሩ ወርዶ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ጫካ የሚገባ ቀጭን መንገድ»። ስሙ መጨረሻ ላይ መጣ። አንባቢው መንገድ መሆኑን ሳያውቅ መንገዱን ሄዶ ጨረሰው። እስከ ሦስት አራት ግስ ድረስ ይህን እወደዋለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። ያን ጊዜ ስሙን አስቀድሜ «አንድ ቀጭን መንገድ አለ» ብዬ አራት ነጥብ አደርግና ግሶቹን በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር እለቃቸዋለሁ።

ዘግይቼ ያገኘሁት ትልቁ ሀብት ግን ሌላ ነው። ሰውዬው ሳይሄድ አካሉ ብቻ ሲንቀሳቀስስ? «ኤ ቦይ ሉኪንግ አፕ» ሲባል ለረጅም ጊዜ «ወደ ላይ የሚመለከት ልጅ» እያልኩ ጽፌአለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን «እስቲ ቀና በል!» ስትለው ሰማሁ። «ቀና ብሎ የሚያይ ልጅ» ለካ ቅርቤ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተከታትለው መጡ። ወደ ኋላ የምታይ ሴት ዞር ብላ የምታይ ሴት ሆነች። ሰው ላይ ያጎነበሰች ነርስ ጎንበስ ያለች ናት። ከብርድ ልብስ «ስቲኪንግ አውት» የሆነ እጅ ብቅ ያለ እጅ ነው። ከጉባኤው «ስሊፒንግ አውት» ያለው ሰው ሹልክ ብሎ ይወጣል። ጠጋ፣ ፈቀቅ፣ ዘወር፣ መለስ፣ ዝቅ፣ ቀና፣ ብቅ፤ እነዚህ ከ«አለ» ጋር የሚውሉ ቃላት የእንግሊዝኛውን ትንንሽ ቃላት ሥራ ይሠራሉ፣ አንዳንዴም ይበልጧቸዋል፤ አቅጣጫውን ብቻ ሳይሆን መጠኑንም ይናገራሉና። «ዞር አለ» ትንሽ ነው፤ «ዞረ» ሙሉ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ለመለየት ተጨማሪ ቃል ያስፈልገዋል።

ድርጊቱ ያለፈ ሲሆን ነገሩ ይቀልላል። በነፋስ የወደቀውን ዛፍ «ነፋስ የጣለው ዛፍ» ማለት ይበቃል።

ከባዱ ሌላ ቦታ አለ። የእንግሊዝኛው «ኢንግ» ባለቤቱን አይናገርም። «አይ ሜት ዘ ፕሪስት ከሚንግ ዳውን ዘ ሂል» ሲል ከኮረብታው የሚወርደው ማን ነው? ቄሱም፣ ተናጋሪውም ሊሆኑ ይችላሉ። አማርኛ ዝም ብሎ አያልፍም፤ «ስወርድ አገኘኋቸው» ወይም «ሲወርዱ አገኘኋቸው» ብሎ መወሰን አለበት። አንቱታውንም ይጠይቃል፣ ጾታውንም ይጠይቃል። በወንጀል ታሪክ ውስጥ ደረጃውን የሚወጣው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ደራሲው በደበቀበት ቦታ «የሚወጣ» ካልኩ ወንድ አደረግሁት፣ «የምትወጣ» ካልኩ ደግሞ ምስጢሩን አወጣሁት። እንዲህ ሲያጋጥመኝ ሰውዬውን ትቼ ኮቴውን እይዛለሁ፦ «ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ፤ እየቀረበ መጣ።» ደራሲው የደበቀው እንደተደበቀ ይቆያል።

አሁን አሁን በትርጉም ሥራዎች ብቻ ሳይሆን በዜናችንም ውስጥ «በመውጣት ላይ የሚገኝ»፣ «በመውረድ ላይ ያለ» በዝቷል። አጥብቄ እቃወመዋለሁ። «የሚወጣ» አለን፣ «እየወጣ ያለ» አለን፣ «ሲወጣ» አለን፤ ሦስቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። አራተኛው ሦስቱንም እያስረሳን ነው።

ይህን ሥራ ለጀመራችሁ ወጣት ተርጓሚዎች ጋሼ ያደረጉልኝን ላድርግላችሁ። ረቂቃችሁን አንሡና «ወደ ታች»፣ «ወደ ላይ»፣ «ወደ ውጭ» ያላችሁበትን ሁሉ አስምሩበት። ከዚያ እንግሊዝኛውን ዝጉትና ሰውዬው ምን እያደረገ እንደሆነ አጠገባችሁ ላለ ሰው በአፋችሁ ንገሩት። አፋችሁ ያለውን ግስ ጻፉት።