በሳምንት አንዴ

በልጆች የደም ካንሰር ላይ የሚሠራ ነርስ ዋና ሥራው ቀን ማስቆጠር ነው። ጎንደር ድረስ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚመጡልን ልጆች ከባዱን ሕክምና ከጨረሱ በኋላ ሜቶትሬክሴት ይዘው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ከዚያ ወዲያ መድኃኒት ሰጪዋ እናት ናት።

ሜቶትሬክሴት ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን ይመስላል። በሰው መታወቂያ ኬላ እንደሚያልፍ መንገደኛ፣ ፎሌት በሚገባበት በር ወደ ሴሉ ይዘልቃል። ገብቶም ፎሌትን ለሥራ የሚያዘጋጀውን ኢንዛይም ይይዝበታል፤ ያለዚያ ኢንዛይም ሴሉ ዲኤንኤ ሠርቶ መባዛት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1947 ቦስተን ላይ ሐኪሙ ሲድኒ ፋርበር፣ የፎሌት ዓይነት የሆነው ፎሊክ አሲድ የደም ካንሰርን ሳያባብስ አይቀርም ብሎ፣ የየላፕራጋዳ ሱባራው ቡድን የሠራውን ተቃራኒውን፣ አሚኖፕቴሪንን፣ ሞከረ። በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ ከ16 ልጆች 10ሩ ለጊዜው ተሽሏቸው ነበር። ሜቶትሬክሴት የዚያው ዘመድ ነው።

ነገር ግን አፍ፣ አንጀትና መቅኒም ፎሌት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ክኒኑ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ ከተዋጠ ሊገድል ይችላል። አንዱ ፍሬ 2.5 ሚሊግራም በመሆኑ በዚያ ቀን ብዙ ፍሬ ይዋጣል። ይህን ያየች እናት ለልጇ አዝና በየቀኑ ላካፍለው ብትል አይፈረድባትም። አብሮት የሚሰጠው መርካፕቶፑሪን ደግሞ የየዕለት ነው።

«በየትኛው ቀን ይሁን፣ የኔ እናት?» እላለሁ።

«ለገብርኤል ይሁን።»

ገብርኤል በወር አንዴ ነው። በየሳምንቱ የማይቀረው ገበያ ነው። «ገበያሽ መቼ ነው?»

«ቅዳሜ።»

እንግዲያው ቅዳሜ ማታ፣ ከገበያ መልስ። የቅዳሜውን በተለየ ፌስታል ቋጥሬ እሰጣታለሁ። በቀጠሮዋ ስትመለስ ከደም ምርመራው በፊት የልጁን አፍ አያለሁ፤ ከቆሰለ መጀመሪያ የምጠይቃት አሰጣጧን ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ፎሊክ አሲዱ ራሱ ነው። የገረጣ ልጅ ያየ ባለሙያ ቢያዝለት አይገርምም፤ እናትየው ነፍሰ ጡር ከሆነችም ከብረት ጋር የተሰጣት ቤት ውስጥ አለ። ለእሷ ይበጃታል፤ ለልጁ ግን ያለ ሐኪሙ ትእዛዝ ከተሰጠው መድኃኒቱን ሊያዳክምበት ይችላል። ስለዚህ የንፋስ መውጫ፣ የወገዳ ወይም የመካነ ኢየሱስ ባለሙያ እንዲያነበው ካርዱ ላይ በጉልህ እጽፋለሁ። ቫይታሚን እንዳያገኝ ብሎ ምግብ መከልከል ግን የለም፤ የከሳ ልጅ መድኃኒቱን አይችለውም። ሽሮውንም ጎመኑንም ይብላ።