የጊደሯ በረት

ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጫት የጀመረበት ወላጅ ቶሎ የሚያነሳት አንዲት ተረት አለች፤ ነውሯን ይቅር በሉኝና፣ “ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች” የምትለዋ። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ደግሞ ተረት ሲሰማ የተነገረውን ብቻ ሳይሆን የተዘለለውንም ይፈልጋል። አህያዋ ተወቀሰች፣ ለጊደሯ ታዘነላት። ያደረችበትን በረትስ ማን ጠየቀ?

ጓደኛ ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተደረጉ ጥናቶች የተማሪን ጫት መቃም ከሚቅም ጓደኛ ጋር ያያይዙታል። ግን እኮ ከሚቅም የቤተሰብ አባል ጋርም ያያይዙታል! እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ዘለልነው።

መቼም የቤቱን ትምህርት እናውቀዋለን። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ቅጠሉ ሲደርቅ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ልጅ “ሳይጠወልግ ቶሎ ና!” ተብሎ ይላካል። በኮባ የተጠቀለለውን እስር ይዞ እየሮጠ ሲመጣ፣ “ጎበዝ፣ ጥሩውን መርጠሃል” ሲባል ትምህርቱን ጨርሷል። ዶርም የሚጠብቀው ፈተናው ብቻ ነው።

የማይቃምበት ቤትስ? እዚያ ደግሞ ዝምታ አለ። ስሙን ማንሳት እንኳ ነውር በሆነበት ቤት ያደገ ልጅ ለፈተና ሰሞን እንቅልፍ ማባረሪያ ብሎ ጀመረ እንበል። ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሳው ጨብሲ ተከተለ፤ ለጨብሲው ብድር ተከተለ። ለማን ይንገር? ከቤት ሲደወል የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ “ውጤት እንዴት ነው? ገንዘቡ ደረሰህ?” ለሁለቱም መዋሸት ቀላል ነው። ለእናቱ ቢነግር ትደነግጣለች፤ ለአባቱ ቢነግር “ልጄ አይደለህም” ይባላል። ምስጢሩን የሚያውቅለት አብሮት የሚቅመው ልጅ ብቻ ይሆናል። አህያዋን ብቸኛ ዘመድ ያደረግንለት እኛው ነን።

ሕግ አይጠቅምም አልልም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆና አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። ጥሩ ነው። ግን አዋጅ ሻጩን እንጂ የማዕድ ወሬያችንን አይገዛም።

አባት ሆይ፣ መቃሙን መተው ቢያቅት እንኳ ልጅን መላኩ ይቅር። ስልክ ስንደውልም ሦስተኛ ጥያቄ እንጨምር፤ “እንቅልፍ ትተኛለህ ወይ?” ልጁ እውነቱን የተናገረ ዕለት ደግሞ የመጀመሪያው ቃላችን እርግማን አይሁን። አንዴ የተረገመ ልጅ ሁለተኛ አይነግረንም።