በትዝታ የተወለወለ ብረት

ስለ ሞተር ብስክሌት በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ መጻፍ ምን አመጣው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ግን ከብረቱ ይልቅ የወሬው ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በቶኪዮ ኤግዚቢሽን ታይቶ በ1969 ለገበያ የቀረበው ሆንዳ ሲ.ቢ. 750 ከዚያ ወዲህ ሲወራለት፣ ሲጻፍለትና ማኅበር ሲቆምለት ኖሯል። በጉርምስናቸው የነዱት አሜሪካውያንና እንግሊዛውያን ዛሬ ሸምግለው ትዝታቸውን ይተርካሉ። ትረካው ከመደጋገሙ ብዛት የራሱ ወግ፣ የራሱ አዝማች፣ የራሱም ግድፈት ያለው ሥነ ቃል ሆኗል። ሥነ ቃል ከሆነ ደግሞ ሊተች ይገባዋል።

አዝማቹን ለመያዝ ሁለት ሦስቱን መስማት ይበቃል። መጀመሪያ አራቱ ማርሚታዎች ይመጣሉ፤ ሁለቱ በግራ ሁለቱ በቀኝ ተዘርግተው ፊት እስኪያሳዩ የሚያብረቀርቁ። ቀጥላ ቁልፏ ትመጣለች። በዚያ ዘመን ትልልቆቹን የእንግሊዝ ሞተሮች ለማስነሳት ፔዳሉን በሙሉ ክብደት መርገጥ ግድ ነበር፤ እምቢ ያለ እንደሆነ ፔዳሉ ተመልሶ እግር ይመታል። ሆንዳው በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ይነሳል። ከዚያ ቆሞ ያደረበትን መሬት በዘይት የማያጨቀይ ሞተር፤ ከዚያ የፊት ጎማው ዲስክ ፍሬን፤ በመጨረሻ ዋጋው፦ በአሜሪካ 1,495 ዶላር። አራት ሲሊንደር፣ 736 ሲ.ሲ.፣ 67 የፈረስ ጉልበት፣ አምስት ማርሽ የሚለው ዝርዝርማ እንደ ዘር ሐረግ በቃል ይወረዳል።

ትዝታው የሚያምረው እጅና ዓይን ሲናገሩ ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደሩ የእንግሊዝ ሞተር ሲፈጥን መሪው እጅ እስኪያደነዝዝ ይንቀጠቀጣል፤ በኋላ ማሳያው መስታወት ውስጥ ያለው መንገድ ይደፈርሳል። ከዚያ ወርዶ ሆንዳው ላይ የወጣ ሰው፣ መስታወቱ ጠርቶ ከኋላው የሚመጣውን መኪና ለይቶ ማየቱን ሲያወሳ፣ አንድ ገጽ ሙሉ የቴክኒክ መግለጫ የማይነግረንን ነገረን ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ትዝታ ያለ ጥርጥር እቀበለዋለሁ። ለመመጻደቅ የማይጠቅም ተራ ነገር ነውና ማን ብሎ ይፈጥረዋል?

ችግሩ የሚጀምረው «የመጀመሪያው» የምትባል ቃል ስትገባ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተርን በመንገድ ብስክሌት ላይ አግድም የማስቀመጡን ነገር የኢጣሊያው ኤም.ቪ. አጉስታ ከሆንዳው ቀድሞ በ600 ሲ.ሲ. ሠርቶታል። ዲስክ ፍሬንም ቢሆን ላምብሬታ እ.ኤ.አ. በ1962 ስኩተር ላይ አውሎታል። ሆንዳ ያደረገው ሌላ ነው፤ ሁሉን በአንድ አካል አሰባሰበ፣ በብዛት ሠራ፣ ደመወዝተኛ አጠራቅሞ በሚደርስበት ዋጋ ሸጠ። ይህ ከመቅደም አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል። አፍቃሪ ግን የወደደው ነገር በኩር ካልሆነ ቅር ይለዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ «ሳንድካስት» የሚሉት ነው፤ በአሸዋ ቅርጽ የወጣ እንደ ማለት። በመጀመሪያዎቹ ከሰባት ሺ በላይ በሚሆኑ ሲ.ቢ. 750ዎች ላይ የሞተሩ ቀፎ ገጹ ሻካራ ነው። አፍቃሪዎቹ ያንን ሻካራ ገጽ አይተው በአሸዋ ፎርማ የተሠራ መስሏቸው ስም አወጡለት፤ ስሙም ጸደቀ። እውነቱ ግን የቀለጠው አሉሚኒየም የፈሰሰው በቋሚ የብረት ፎርማ ውስጥ ነበር። በኋላ ከመጣው በከፍተኛ ግፊት ከሚሞላው ፎርማ የሚለየው ብረቱ በገዛ ክብደቱ መውረዱ ነው። ስህተቱ ታውቋል፤ ብዙዎቹ አፍቃሪዎችም ያውቁታል። ስሙን ግን አልተዉትም።

ለምን በዚያ መንገድ ተሠራ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ታሪኩን ይገለብጠዋል። ዮሺሮ ሃራዳ የመሩት የሆንዳ ቡድን ሥራውን ሲጨርስ ኩባንያው ያቀደው በዓመት 1,500 ያህል ለመሥራት ነበር። ለዚያ ቁጥር ውዱን የግፊት ፎርማ ማሠራት አያዋጣም። ትእዛዙ ሲጎርፍ የዓመቱ ዕቅድ የወር ዕቅድ ሆነ፤ እሱም አልበቃ ብሎ እጥፍ ሆነ። ያኔ ነው ፎርማው የተለወጠው። እንግዲህ ያ እንደ ጽላት የሚታየው ሻካራ ገጽ የድል ማኅተም አይደለም፤ የጥርጣሬ ማስረጃ ነው። ሠሪው ራሱ እንዲህ ይሸጣል ብሎ አላመነም ነበር። ትዝታው ሁሉ «እንዳየነው ዓለም መለወጡን አወቅን» ሲል ብረቱ ብቻ «አላወቁም» ይላል። እኔ ብረቱን አምናለሁ።

የዴይቶናው ታሪክም እንዲሁ ተስተካክሏል። እ.ኤ.አ. በ1970 ዲክ ማን በሆንዳ የ200 ማይሉን ውድድር ማሸነፉ በየትረካው አለ። ሆንዳ ካሰለፋቸው አራት ሞተሮች ሦስቱ መንገድ ላይ መቅረታቸው፣ የማንም ሞተር ወደ መጨረሻው እየደከመ በጥቂት ሰከንዶች ብልጫ መግባቱ ግን አንዳንዴ ይነገራል፣ አንዳንዴ ይዘለላል። የቀደሙት ሞተሮች የኋላ ሰንሰለት እየተበጠሰ ቀፎውን ይበሳ እንደነበረም በሹክሹክታ ካልሆነ አይወሳም። ለምን እንደሚደበቅ አይገባኝም። የሚደክም ሞተር ላይ ተቀምጦ ጋዙን እየቆጠበ የሚያሸንፍ የ35 ዓመት ሰው ከማይበገር ማሽን የተሻለ ባለታሪክ ነው።

ሌላም ዝምታ አለ። ትሪምፍና ቢ.ኤስ.ኤ. እ.ኤ.አ. በ1968 ባለ ሦስት ሲሊንደር 750 አውጥተው ነበር፤ በፔዳል የሚነሳ፣ የፊት ፍሬኑም በታምቡር። ሆንዳው ሲመጣ በአንድ ጀንበር አሮጌ መሰለ። የእንግሊዙ ኢንዱስትሪ የወደቀው በሆንዳ ብቻ አልነበረም፤ የቆዩ መሣሪያዎችና ደካማ አስተዳደር ነበሩበት። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1973 የሜሪደን ሠራተኞች ፋብሪካችሁ ይዘጋል ሲባሉ አንወጣም ብለው ተቀመጡበት፤ በኋላም በኅብረት ሥራ ማኅበር እስከ 1983 አንቀሳቀሱት። «ዘይት የማያንጠባጥብ» እያለ የሚስቀው ባለትዝታ ስለ እነዚህ ሰዎች አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ትረካው አይከብድበትም ነበር።

ሮበርት ፒርሲግን ሳላነሳ ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው «ዜን እና የሞተር ብስክሌት አጠባበቅ ጥበብ» የተነሳበትን ጉዞ ደራሲው በ1968 ያደረገው በሌላ አነስተኛ ሆንዳ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን የማሽኑን ስም አይጠራም። የሚጽፈው ስለ መፍታትና መግጠም፣ ሞተርን ስለ ማዳመጥ ነው። አፍቃሪዎቹ በተቃራኒው ስሙን ይጠራሉ፣ ቁጥሩን ይቆጥራሉ፣ እጃቸው ጥቁር ዘይት የነካበትን ቀን ግን ያሳጥሩታል። ሰብሳቢነት ባለንብረትን እንጂ ተራኪን አያፈራም መሰለኝ።

ንብረትነቱማ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኒው ዮርክ የሚገኘው ጉግንሃይም ሙዚየም ስለ ሞተር ብስክሌት ጥበብ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ ሲ.ቢ. 750 ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ከመደበኛው ምርት በፊት ለናሙና ከተሠሩት ጥቂቶች አንዱ በአሜሪካ 148,100 ዶላር ተሸጠ። በዚህ ገበያ የሚፈለገው ያልተነካ ቀፎ ነው፤ ሰንሰለት በስቶት በብየዳ የተደፈነው ዋጋው ይወርዳል። ለማንበብ ከሆነ ግን እኔ የተበየደው ባለቤት የሚጽፈውን እመርጣለሁ፤ ሰንሰለቱ የት መንገድ ላይ እንደተበጠሰ፣ ማን እንዳነሳው፣ ብየዳው ስንት እንዳስከፈለው።