ለማለቅ የተሠራ ቁራጭ

አሮጌ በገና «ድምፁ ጠፋ» ተብሎ ሲመጣልኝ ባለቤቱ የሚጠረጥረው አውታሩን ወይም ገበቴው (የድምፅ ሳጥኑ) ላይ የተወጠረውን ቆዳ ነው። እኔ አስቀድሜ የማየው እንዚራውን ነው። እንዚራ በአውታሩና አውታሩን በሚሸከመው በርኩማ መካከል የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ናት፤ ለ10 አውታር 10 ቁራጭ። በገናን ከክራር የሚለየው ያ ነዛሪ ድምፅ የሚወጣው አውታሩ እርሷን ሲነካካ ነው። አቧራና የእጅ ወዝ ስትጠግብ ትደርቃለች፤ ያኔ አውታሩ ይጮኻል እንጂ አይነዝርም።

መሣሪያዬ ጥቂት ነው፤ ምላጭ፣ ወስፌና ጫፉ የደነዘ የቀርከሃ ስንጥር። የደረቀችውን ቁራጭ በብረት መፈልቀቅ ይፈጥናል፤ ግን በርኩማውን ይቧጭራል፣ ከበግ አንጀት የተፈተለውንም አውታር ይበጣል። ስንጥሩ ሁለቱንም ይምራቸዋል። አንዱን አውታር ብቻ አላልቼ ቁራጯን እለውጥና መልሼ እወጥራለሁ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ አልፋለሁ። በርኩማውን ያቆመው የአውታሮቹ ጫና ስለሆነ፣ አሥሩን ባንዴ ያላላ ሰው በርኩማው ይወድቅበታል። የቀረው የጆሮ ሥራ ነው፤ ቁራጯን ወደፊትና ወደኋላ እየገፉ ንዝረቱ የሚጠራበትን ቦታ መፈለግ።

እዚህ ጓሳ፣ ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ጭጋጉም የራሱ ሐሳብ አለው። ቆዳውም አንጀቱም እርጥበት ይስባሉና ማለዳ የተቃኘው ቀትር ላይ ይናጋል። ስለዚህ ጭጋጉ ሳይገለጥ እንዚራ አልነካም።

እንዚራን ከሌላ መሣሪያ ቁራጭ ጋር ላነጻጽር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ገደማ አሜሪካ ውስጥ በተሠሩ ስፒኔት የሚባሉ አጫጭር ፒያኖዎች ላይ፣ ቁልፉን ከመዶሻው መዋቅር ጋር የሚያገናኙ የፕላስቲክ ክርኖች ነበሩ። ፕላስቲኩ ሲያረጅ ይፈረፈራል፤ ጠጋኞችም ቅሪቱን አድቅቆ ለማውጣትና አዲሱን ለመግጠም ለዚሁ ብቻ የተሠራ ጉጠት ያዘጋጃሉ። 88 ቁልፍ፣ 88 ክርን። ልዩ መሣሪያ ያስፈለገው ክርኑ ያልቃል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ይመስለኛል። በገና ሠሪ ግን እንዚራን ሲያስገባ እንደምታልቅ ያውቃል፤ ያስቀመጣትም እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ላይ ነው።

አሁን አሁን አውታሩን በናይለን የሚተኩ አሉ። ጭጋግ አይበግረውምና አልቃወምም። «እንዚራውንም በፕላስቲክ ቀይርልኝና ልገላገል» ለሚለኝ ግን እምቢ እላለሁ። ጠንካራ ቁራጭ ራሱ አያልቅም፤ አውታሩን ይጨርሳል። አንድ አውታር ከመተካት ደግሞ አሥር ጊዜ ቆዳ መቁረጥ ይቀለኛል።