የሐበሻ ነው የፈረንጅ?

ይኸውላችሁ፣ ፆሙ ከተፈታ ወዲህ ለቁርስ የምትሆን እንቁላል ልገዛ ሰፈራችን ጉሊት ብቅ አልኩ። ሁለት ሳህን ተደርድሯል፤ አንዱ ትልልቅ፣ አንዱ ትንንሽ።

“የሐበሻው የትኛው ነው?”

“ትንሹ ነዋ ጋሼ።”

“በምን አውቃለሁ?”

“በማርያም! አስኳሉን አይተው ይመስክሩ።”

ማርያም ከተጠራች ምን ይባላል? ወደድ ያለውን ከፍዬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ግን “የከፈልኩት ለእንቁላሉ ነው፣ ለመሐላው ነው ወይስ ‘የሐበሻ’ ለምትለው ቃል?” እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ነበር።

አስኳሉ አይመሰክርማ! ቢጫነቱ የሚመጣው ዶሮዋ ከበላችው ነገር ነው። ቅጠል ስትለቅም የዋለችውም፣ ኬጅ ውስጥ ሆና ቢጫ በቆሎ ወይም ቀለም የተጨመረበት መኖ የበላችውም ደማቅ አስኳል ይኖራቸዋል። የቅርፊቱ ቀለም ደግሞ የዘር ጉዳይ ነው። ትንሽነቱም ማስረጃ አይሆንም፤ የፈረንጅ ዶሮም መጣል ስትጀምር ትንንሽ ነው የምትጥለው።

ፈረንጆቹ ቁጥር ማተም ጀምረዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ እንቁላሉ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። 0 ኦርጋኒክ፣ 1 ደጅ የምትወጣ፣ 2 ከኬጅ ውጪ ሆና ቤት ውስጥ የምትውል፣ 3 የኬጅ ዶሮ ማለት ነው። አንድ ዶሮ 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከኤ4 ወረቀት ያነሰ ቦታ ይበቃታል የሚባልበት የድሮው ባዶ ኬጅም እ.ኤ.አ. ከ2012 መግቢያ ጀምሮ ታግዷል። እሰየው ነው።

ታዲያ እነሱም ቢሆኑ በቃል መሸንገሉን አልተዉትም። “ከኬጅ ነፃ” ሲባል መስክ ላይ የምትፈነጭ ዶሮ እንዳትመስላችሁ! የ2 ቁጥሯ ዶሮ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስምንት ጓደኞች ሊኖሯት ይችላሉ፤ ፀሐይ ላታይም ትችላለች። ሜዳ የሚታሰብላቸው 0 እና 1 የታተመባቸው ናቸው፤ ለእያንዳንዷ 4 ካሬ ሜትር። ቢያንስ ግን ገዢው ቁጥሩን አንብቦ ይለያል። እኛ የምናነበው የሻጯን ፊት ነው።

አሁን ደግሞ እናቶቻችን “ኦርጋኒክ” የሚል ቃል ሳይሰሙ ዶሮ ለቀው ያረቡ ነበር እያልን መኩራራት ይዘናል። ልክ ነው። ናፍቆቱ ግን እውነቱን አይሸፍንብን። የነፃዋን ዶሮ ጫጩቶች ጭልፊት ይለቅምባታል። ፈንግል የገባ እንደሆነ መንደሩ ጭር ይላል። ከተማ ውስጥ ቱቦ ዳር ቆሻሻ ስትጭር የዋለችውን ደግሞ ማን ደፍሮ “ኦርጋኒክ” ይላታል? የአገራችን ዶሮ በዓመት 40፣ ቢበዛ 60 ገደማ ነው የምትጥለው። የፈረንጇ 300 ገደማ ትጥላለች። ለልጇ አንድ እንቁላል መቀቀል ያቃታትን እናት “የኬጅ አትግዢ” ማለት ጥጋብ ነው።

የኔ ክስ ሌላ ነው። ገጠር ውስጥ የእንቁላል ሳንቲም የሴቷ ነው። ጨው፣ ጋዝ፣ የልጅ ደብተር የሚገዛው በእሷ ነው። ዶሮዋን ከጭልፊት ጠብቃ፣ እንቁላሉን ጭድ ውስጥ ደርድራ ገበያ የምታወርደው እሷ ናት። ትንሽ የሆነ ሁሉ “የሐበሻ” እየተባለ ሲሸጥ፣ የተታለልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። የእሷ ድካም ዋጋ ለማያውቀው ሰው ተከፈለ ማለት ነው። እኔማ ጠብሼ በላሁት!

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። “እሺ የኔ እናት፣ የሐበሻው እንቁላል ከየት አገር ነው የሚመጣው?”

“እኔ ምን አውቄ ጋሼ! ከነጋዴ ነው የምረከበው።”

“የሐበሻ መሆኑን ታዲያ እንዴት አወቅሽ?”

“ምሎልኝ ነዋ!”